ጉልበቱስ በገንዘብ ተገዛ፤ እርምጃውን ማን ይስጠን?

በእኛ ቋንቋ «ጉልበት» የሚባለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ጉልበተኛ የሚመካበት ነው። ስለ እሱ በዚህች አገር ጋዜጦች ላይ ብዙ ተጽፏል፤ የጻፉትም የእጃቸውን አግኝተዋል። ሁለተኛው ከጭንና ከቅልጥም መካከል ተቀምጦ ስድሳና ሰባ ዓመት ሲያገለግለን ስሙን እንኳ የማናነሣው፣ ያመመን ዕለት ግን ሌሊቱን ሙሉ ስንጠራው የምናድረው መገጣጠሚያ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሁለተኛው ነው። «ጋዜጣ የገዛሁት ስለ ጉልበት ሕመም ላነብ ነው እንዴ?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ውስጥ ብዙ ገንዘብ አለ፣ ጠያቂ የሌለው ቸልተኝነት አለ፣ እናቶቻችንና አባቶቻችንም አሉ።

ያለቀ ጉልበትን በሰው ሠራሽ መቀየር ዛሬ ተአምር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል። አቅም ያለው ባንኮክ ወይም ሕንድ ይሄዳል። ልጅ አሜሪካ ያለው ደግሞ እዚያው ተቀይሮ ይመጣል። አቅም የሌለው ዕቁቡን ቀድሞ እንዲወጣለት ተለማምጦ፣ ዐረብ አገር ያለች ልጁን አስጨንቆ፣ ዘመድ አዝማድ አስቸግሮ ይሞላዋል። ብሩ የሚለመነውም፣ ዶላሩ የሚመነዘረውም ለቀዶ ጥገናው ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ላሉት ሦስት ወራት ግን አንድ ሰው አምስት ሳንቲም ሲመድብ አላየሁም። ሆስፒታሉ «ከዚህ በኋላ የራሳችሁ ጉዳይ ነው» ይላል፤ ቤተሰቡ «ሐኪሙ ጨርሶታል» ብሎ ያምናል። እንዲህ ሆኖ የሥራው ግማሽ ባለቤት አጥቶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ለመሆኑ ሐኪሙ ምንድን ነው የሚሠራው? አጥንቶቹን እንዳይፋጩ የሚሸፍነው ልም አጥንት ሲያልቅ፣ የጭን አጥንቱ ጫፍና የቅልጥሙ ራስ በልክ ይከረከሙና ብረት ይለብሳሉ። በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። አንዳንዴ የጉልበት ሎሚዋም ከውስጥ በኩል ፕላስቲክ ትለጠፍባታለች። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ፍራንክ ጋንስተን የተባለ ሐኪም እንግሊዝ አገር በዘመናዊ መልክ ጀመረው፤ በ1974 ደግሞ ጆን ኢንሳልና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ላይ ዛሬ ለሚገጠሙት አብዛኞቹ መሠረት የሆነውን ዓይነት አወጡ። ዕቃው ጎበዝ ዕቃ ነው። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከመቶ ሙሉ የጉልበት ቅያሬ 82 ያህሉ 25 ዓመት ይዘልቃል። ሃያ አምስት ዓመት! አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት የዘለቀ አስፋልት ካያችሁ ንገሩኝ።

ብረቱ ግን ብቻውን አይራመድም። ብረቱን የሚያንቀሳቅሰው ሥጋ ነው፤ ዋናው ደግሞ ከጭን ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ከአቅሙ ከግማሽ በላይ ያጣል። ጉልበቱ ሲያብጥ፣ ሲያም፣ ጡንቻው ሥራ ማቆም ይጀምራል። በዚህ ላይ ከቁስሉ ዙሪያ ውስጥ ለውስጥ ጠባሳ ይሠራል፤ ጉልበቱ ካልታጠፈና ካልተዘረጋ ጠባሳው እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ስለዚህ ነው ይህ ሥራ ሥርዓት ባለበት አገር በሽተኛው በቀዶ ጥገናው ዕለት ወይም በማግስቱ በባለሙያ ተደግፎ ከአልጋ የሚነሣው። ጭካኔ አይደለም፤ የሕክምናው ክፍል ነው።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልውሰዳችሁ። አክስቴ ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግራ የሸጠች ሴት ናት። ጉልበቷ ሲያልቅ መጀመሪያ ጠበል ሄደች፤ ከዚያ ወጌሻ፤ ከዚያ በየመንደሩ መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ዳይክሎፌናክ፤ ጨጓራዋን እስኪልጣት ድረስ። በመጨረሻ ሜሪላንድ ያለው ልጇ ላከ፣ የቀረውን እኛ አዋጣን፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ተከፍሎ እዚሁ ከተማ በአንድ የግል ሆስፒታል ተቀየረላት። (ስሙን አልጠቅስም። ስም ጠቅሼ አንዱን ብወነጅል ሌላው ነፃ የወጣ ይመስለዋል።) ስለ ሐኪሙ እጅ ክፉ አልናገርም፤ እጁ ይባረክ፣ ቁስሉ እንኳ ክር የተሳበበት ነው የሚመስለው። በአራተኛው ቀን «ትውጣ» ተባለ።

ያን የመውጫ ወረቀት ዛሬም ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። አንድ ገጽ ነው። አምስት መድኃኒት ተዘርዝሯል። ስፌት የሚወጣበት ቀን አለ። ከዚያ ከታች አንዲት ቃል፤ «ፊዚዮቴራፒ»። በቃ! የት? ከመቼ ጀምሮ? በማን? በቀን ስንት ጊዜ? ምን ተደርጎ? የለም። ይቺም ቃል የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። አክስቴ አማርኛ ታነባለች፤ ዳዊት ትደግማለች። እንግሊዝኛ ግን አታነብም፤ አስታማሚዋ የነበረችው የጎረቤት ልጅም አታነብም። እንግዲህ ይህ ሁሉ ብር የተከፈለበት ሕክምና ቀሪው ግማሹ በማይነበብ አንድ ቃል ተጠቅልሎ እጃችን ላይ ተጣለ ማለት ነው።

እኔ በዚያን ሰሞን ለሥራ ክፍለ አገር ነበርኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ያገኘሁት የሚከተለውን ነው። አክስቴ እንደ አራስ ተይዛለች። አልጋ ላይ ጋደም ብላ ጋቢ ለብሳ፣ ከጉልበቷ ሥር ሁለት ትራስ ተደርጎላት፣ አጥሚትና ቅንጬ ይቀርብላታል። ሊነሡ ሲሉ ጠያቂው ሁሉ በአንድ አፍ «ኧረ እትዬ፣ እንዳይነሡ! በእግዜር!» ይላል። ከተቀየረው እግር ጋር ሌላውም ደክሞ መጸዳጃ ቤት የምትሄደው በሁለት ሰው ተደግፋ ነው። የታከመው እግር ቀጥ ብሎ አይዘረጋም፤ ሲታጠፍም ገና ከመጀመሩ ይቆማል። «ልጄ፣ ብረቱ ዝጎ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቤተሰብን ልትወቅሱ የምትፈልጉ ካላችሁ ተዉት። በእኛ ባህል የታመመ ሰው ያርፋል፤ ያረፈ ይድናል። ትራሱም የፍቅር ትራስ ነው። ግን ያ ትራስ ጉልበቱን በታጠፈበት ያስቀረዋል፤ ታጥፎ የቀረ ጉልበት ደግሞ ዕድሜ ልክ ያነክሳል። ይህን ማን ይንገራቸው? የአገሬ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ የጉልበት ማዕዘን አላጠና! መናገር የነበረበት ገንዘቡን የተቀበለው ነው። ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያቸው ሥራ እንደለቀቀና ሌላ ገና እንዳልቀጠሩ ነገሩኝ። «ታዲያ ባለሙያ ሳይኖራችሁ ለምን ጉልበት ትቀይራላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ገንዘብ ያዧ ሣቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ የተማረች አንዲት ወጣት አገኘን። ቤት ለቤት እየሄደች ታክማለች። ገና እንደገባች ያደረገችው ነገር ሁለቱን ትራሶች ማውጣት ነበር። ፎጣ ጠቀለለችና ከተረከዟ ሥር አስገባች፤ ጉልበቷ በራሱ ክብደት ወደ ታች እየወረደ እንዲዘረጋ። ከዚያ ፕሮትራክተር የመሰለ መለኪያ አውጥታ ለካች። ከ60 ዲግሪ አይበልጥም ነበር የሚታጠፈው። በሁለት ሳምንት ውስጥ 90 መድረስ የነበረበት ጉልበት ማለት ነው። «ከዚህ የባሰ ቢቆይ ሐኪሙ አደንዝዞ በጉልበት ሊያጥፈው ይገደድ ነበር» አለችን። (ይኸውላችሁ፣ ሁለቱ ጉልበቶች እዚህ ላይ ተገናኙ።)

አክስቴ የጠበቀችው ስቃይ ነበር፤ ልጅቱ እግሯን ይዛ የምታጎብጣት መስሏት አስቀድማ «ወየው» ብላለች። የሆነው ግን ሌላ ነው። «እማማ፣ አይፍሩ፤ እኔ አልነካዎትም፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚያደርጉት» አለቻት። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይ ወደ ታች እንድታደርግ፤ ይህ ባቷ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው። ቀጥሎ የጉልበቷን ጀርባ ወደ ፍራሹ ተጭና አምስት እስክትቆጥር እንድትይዝና እንድትለቅ፤ የተኛው የጭን ጡንቻ የሚቀሰቀሰው በዚህ ነው። ከዚያ ተረከዟ ሥር የዳቦ ፌስታል አደረገችላት፤ እንዲያንሸራትት። ነጠላዋን ጠቅልላ በእግሯ መዳፍ ላይ አዙራ ሁለቱን ጫፍ በእጇ አስያዘቻትና «አሁን ተረከዝዎን ቀስ ብለው ወደ መቀመጫዎ ይሳቡ፤ እስከሚወጥርዎት፤ እዚያ ጋ ቆም፤ ትንፋሽ፤ ይመልሱ» አለቻት። ዐሥር ጊዜ። በቀን ሦስቴ። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለሩብ ሰዓት። (በረዶው ከጎረቤት ፍሪጅ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን በረዶም የለም፤ ይህንን ለሚመለከተው አካል!) የሕመም ማስታገሻዋንም ከእንቅስቃሴው በኋላ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብላ እንድትውጥ አደረገቻት።

ዋናው ዕውቀት ልኩ ላይ ነው። ማረፍ ያደርቃል፤ ማብዛትም ያሳብጣል። ልጅቱ ያስተማረችን መለኪያ ቀላል ነው፤ ሲሠሩ መወጠርና ትንሽ ማመም ያለ ነው፤ ሕመሙ ቶሎ ከበረደና በማግስቱ ጠዋት ጉልበቱ እንደ ትናንቱ ከሆነ ልኩ ነው ይቀጥሉ። በማግስቱ አብጦ፣ ሞቆ ከተነሣ ትናንት አብዝተዋል፣ ዛሬ ይቀንሱ። ይቀንሱ እንጂ አይተዉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ዘመዶቻችን ለማስተኛት ነበር የሚጠቅሱት። እንቁላሉ ግን ዝም ብሎ ስለተቀመጠ አይደለም የሚሄደው፤ ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋው፣ በየቀኑ እያገላበጠችው ነው። አንድ ቀን ብትተወው ይበርዳል፤ ብትቸኩልና ብትጠቀጥቀው ይሰበራል።

ከዘራውም ሌላ ታሪክ ነው። አክስቴ የምትይዘው በታከመው እግር በኩል ነበር፤ ዓለም ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው። መያዝ ያለበት በተቃራኒው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታከመው። ይህን በሁለት ደቂቃ መንገር ይቻል ነበር። አራት ፎቅ ያለ አሳንሰር በተሠራ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህች ሁለት ደቂቃ ከቤት የመውጣትና ያለመውጣት ጉዳይ ናት።

ከውጭ የመጡ ዘመዶች «እዚያ እኮ እግር የሚያጥፍ ማሽን አለ» ይላሉ። አለ። ሮበርት ሳልተር የተባለ ካናዳዊ ሐኪም ሐሳቡን ያመጣው በ1970ዎቹ ነው፤ ብዙ ሆስፒታልም ገዝቶታል። በኋላ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ግን ከጉልበት ቅያሬ በኋላ ማሽኑ የሚጨምረው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። በሽተኛው ራሱ የሚያጥፈውን የሚተካ አልተገኘም። ስለዚህ ማሽን የለንም ብሎ ማመካኘት አይሠራም። ፎጣ አለን። ነጠላ አለን። ፌስታል አለን። ጀርባ ያለው ወንበር አለን። የጎደለው የሚያሳየን ሰው ነው።

አንድ ሌላ ያልተነገረን ነገር ነበር፤ እሱ ነው አክስቴን ያስለቀሳት። ለጥ ባለ መንገድ ለመራመድ ጉልበት 70 ዲግሪ ገደማ ቢታጠፍ ይበቃዋል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ከ80 እስከ 90። ከዝቅተኛ መቀመጫ ለመነሣት ከ100 በላይ። ቁጢጥ ለማለት ደግሞ ከ120ም ያልፋል። የተቀየረ ጉልበት ጥሩ ከሠራ 110 ወይም 120 ይደርሳል። አሁን የእኛን ኑሮ በዚህ መለኪያ ለኩት። ቡና የሚፈላው በርጩማ ላይ ተቁጢጦ ነው። የብዙው ሰው መጸዳጃ የቁጢጥ ነው። በሁዳዴ ስግደት አለ፤ ሙስሊሙ ወገናችን በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል። ፈረንጅ ሐኪም «ጎልፍ ይጫወታሉ» እያለ በሽተኛውን ያጽናናል፤ የእኛን ሰው «በርጩማ ላይ ላይቀመጡ ይችላሉ፤ ስግደትዎን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት» ብሎ አስቀድሞ የሚነግረው የለም። አክስቴ የታከመችው በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ለመቀመጥ ነበር። የንስሐ አባቷ «ለበሽተኛ ስግደት የለም፣ ቆመሽ ጸልዪ» ሲሏት ቀለላት እንጂ፣ ከኃጢአት ቆጥራው ነበር። መስጊድም ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ለታመመ የተፈቀደ ነው። ግን ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚነገር ነገር ነው፤ ሰው ምን እንደሚገዛ አውቆ ይግዛ። ጉልበት ከተቀየረላቸው ሰዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል በውጤቱ እንደማይደሰት ውጭ አገር ተደጋግሞ ተጽፏል፤ ያልሆነ ነገር መጠበቅ አንዱ ምክንያት ነው።

ስለ ወጌሻም ሳልናገር አላልፍም። ወጌሻን አልንቅም፤ ሐኪም በሌለበት ስንቱን ያቆሙ ናቸው። ሰው ሠራሽ ጉልበት ግን የእነሱ ዕቃ አይደለም። ገና ያልጠገገ ቁስል በቅቤ ሲታሽ ተሕዋስ ሊገባ ይችላል፤ ብረቱ ላይ የደረሰ ተሕዋስ ሌላ ቀዶ ጥገና ያስከትላል። ባት አብጦ ሲያም «ጅማት ነው» ተብሎ መታሸቱ ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ የረጋ ደም ከሆነ ተነቅሎ ሳንባ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የባት ማበጥና ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት፣ ከቁስል የሚወጣ ፈሳሽ፣ እነዚህ ሲታዩ ወደ ሐኪም ነው፤ በዚያው ቀን። ባንኮክና ሕንድ የምትሄዱም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረጅም በረራ ለደም መርጋት እንደሚያጋልጥ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«ሕዝብ በወባ በሚሞትበት አገር የጉልበት ቅያሬ የቅንጦት ወሬ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ጉልበቱ ቅንጦት ይሁን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ግን ቅንጦት ነው? ያቺው ልጅ ጠዋት አክስቴን አይታ ከሰዓት በኋላ የምትሄደው ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት አባት ጋ ነው፤ ማምሻውን በመኪና አደጋ እግሩ የተሰበረ የሹፌር ረዳት ጋ። በዚህች የመኪና አደጋ አገር! ደግሞም ይህን ዕውቀት ዛሬ ከሰማይ እንዲወርድልን አይደለም የምንጠይቀው። ዘነበወርቅ ያለው አለርት በ1965 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም ማገገሚያ የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ ነበር። በሥጋ ደዌ የተጎዳ እጅ በቀዶ ጥገና ጅማቱ ተዛውሮ ከተስተካከለ በኋላ በልምምድ ካልተማረ እንደማይሠራ እዚያ ግቢ የሚያገለግሉ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ ብዙ ብር የሚያስከፍል ሆስፒታል ይህንኑ ረስቶ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ ይሸኛል።

የሚመለከታቸው ሹማምንት ይህን አያውቁትም ለማለት ይከብደኛል። ጉልበታቸውን ሲያማቸው የሚታከሙት ሌላ አገር ነው፤ ከባለሙያ ጋር ነው የሚለማመዱት። መቼም ወንበር ላይ ለረጅም ዘመን መቀመጥ መገጣጠሚያ እንደሚያደርቅ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጉልበት እቀይራለሁ የሚል ሆስፒታል ቢያንስ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይኑረው፤ ከሌለው አይቀይር፤ ጤና ሚኒስቴርም ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ይህን ይጠይቅ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ክትትል ከቀዶ ጥገናው ሒሳብ ጋር አብሮ ይታሰብ፤ ከብረቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የመውጫ ወረቀት በበሽተኛው ቋንቋ፣ ከሥዕል ጋር ይሰጥ። ይህ ዶላር አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና የሚገደው ሰው ነው የሚጠይቀው። እናንተም፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ልታስቀይሩ ገንዘብ ያዧ መስኮት ጋ ስትቆሙ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት «ከወጣች በኋላ የሚያራምዳት ማን ነው? ስሙን ጻፉልኝ» በሉ። ስም ከሌለ ብሩን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።

አክስቴ አሁን 95 ዲግሪ ደርሳለች፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በከዘራ ትሄዳለች። ቀሪው ሦስት ወር ዘግይቶ የመጣ ስለሆነ ምን ያህል እንደሚጨምር ልጅቱም ቃል አትገባም። «የእኛ ሆስፒታል እንደዚህ አይደለም፤ ወረቀታችን በአማርኛ ነው፤ ባለሙያችንም ቤት ድረስ ይከታተላል» የሚል ካለ ወረቀቱን ለዝግጅት ክፍሉ ይላክ። ከአክስቴ ወረቀት ጎን ለጎን እንዲታተም አደርጋለሁ።